ከላይ ወይስ ከታች

በሰሐም ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ ጠራ ለምርጫ፤
ለሹመት አይደለም፤ ለሽቦ ነው ብቻ።

መብራቱ በማማ ተንጠልጥሎ ይሂድ፣
ወይስ እንደ ሬሳ ይቀበር በጉድጓድ?

እኔ ውሃ አዳይ ነኝ። ከኋላው በር አጠገብ
ቆሜ እሰማለሁ፣ ጠርሙስ እያስጠጋሁ ለተጠማው ሕዝብ።

መሐንዲስ ናስር ካርታውን ዘረጋ፤
ቀዩ ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች፤ ልዩ ልዩ ዋጋ።
"ከታች ከሆነ፣" አለ፣ "ዐሥር እጥፍ ያስወጣል፤
ከላይ ከሆነ ግን በአንድ ዓመት ያልቃል።"

ሰይፍ ቢን ሙሳለም በከዘራው ተነሣ፦
"አባቴ የተከላቸው ተምሮች ሽቦ ሥር አይቆሙም፤
ትቆርጧቸዋላችሁ፤ ጥላቸውን ግን አትመልሱም።"
አንዱ ርግብ አርቢ ስለ ርግቦቹ፣
አንዱ ስለ ቪላው፣ አንዱ ስለ ልጆቹ፣
ወጣቱ መምህር ስለ ማግኔት ሞገድ፣
እየተነሡ አወሩ፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ።

አዳመጥኩ። ዐረብኛው ይገባኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ለቅሜዋለሁ፤
ከጓዳ፣ ከገበያ፣ ከስድብ መሃል መርጬ ይዤዋለሁ።

እኛን ግን ማንም አልጠየቀን።
ከከሚሴ ማዶ፣ ከቦርከና ወንዝ በላይ፣
አንድ ጠዋት ማማ በቅሎ አገኘን ከማሽላው ላይ፤
እግሩን አንፈራጦ፣ ስድስት ሽቦ ይዞ፣
አልፎን ሄደ ከተማ፣ ብርሃን በጫንቃው ጭኖ፣ በላያችን ተጉዞ።
ሲዘንብ ያጉረመርማል፤ ሥሩ ቆመን እንሰማለን፤
ማታ ግን በኩራዝ ጭስ ውስጥ ፊደል እንቆጥራለን።
አባቴ ቀና ብሎ ያየውና ማማውን፣
"በደጅ አላፊ ጌታ፣" ይላል፣ "ሰላም የማይል ጎረቤቱን።"

ከታች ቢሉስ? ከታችም ሰው አለ።
ሸረፈዲን አለ፤ አምና ለውሃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፍር የዋለ፣
በሰኔ ፀሐይ እዚያው ወድቆ፣
ዛሬም ምላሱ የሚከብደው፣ ግራ እጁ የሰለለ።
ከላይ ቢሉም ማማውን የሚወጣው እሱን መሰል ነው፤
ካርታው ላይ ቀይና ሰማያዊ አለ፤ የላብ ቀለሙ የትኛው ነው?

ወረቀት ታደለ። "ባለ መሬት? ባለ ቤት? ባለ ሱቅ?"
ለእንደኔ ዓይነቷ ሳጥን የለም፤ ምልክትም አልጠየቅ።

ያኔ ኡም ኸልፋን ጠራችኝ በጣቷ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፦
"ነዪ ልጄ፤ ዓይኔ ደክሟል፤ ብዕሩም እጄ ላይ አያርፍ።
ከታች ይሁን በዪ፤ የጋፉን ዛፍ ግን ይዙሩት፤
ሥሩ ከባሌ ዕድሜ ይበልጣል፤ በመቆፈሪያ እንዳይነኩት።"

ጻፍኩ። በልጅነቴ በመድረሳ በተማርኩት እጅ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ጀማሪ ልጅ።
ጨረስኩ። አንድ መስመር ተረፈ።
ባዶ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ዐረፈ።

እሷም አየችኝ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ዘጠኝ ዓመት "አምጪ" ተብያለሁ፤ "ውሰጂ" ተብያለሁ፤
"አንቺስ" የሚል ቃል ግን ገና አሁን ሰማሁ።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ጻፍኩ በጠባቡ ቦታ፦
"የሚቆፍረው ማን ነው? በስንት ሰዓት? ጥላ አለ ወይ፣ ለአፍታ?"

አነበብኩላት። ዝም አለች። ሻርፏን አስተካከለች፤
አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከረች፤
ከሁለቱም ዐረፍተ ነገር ሥር፣ ጠበቅ አድርጋ አተመች።

ሰዉ ሄደ። ጠርሙስ ለቀምኩ፤ ግማሹ ውሃ አልተጠጣም፤
ካርታው በአንድ ጥጉ ተንጠልጥሏል፤ ማንም አላወረደውም።
ውሳኔው ወር ይፈጃል አሉ።

ስምንት አምፖል አለ፤ ሰባቱን አጠፋሁ፤
በቀረችው ብርሃን እጄን ዘረጋሁ፤
የኡም ኸልፋን ቀለም ነክቶኛል።
ሳልታጠብ ወጣሁ።